ከሸሚዜ በታች የነበረው ማህተም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ መጠጥ ተናዝዣለሁ፤ የጎረቤቴን ድንበር ስለ መግፋቴ ተናዝዣለሁ፤ ሰውም «አሜን» ብሎ አስቀምጦኛል። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ ማንም ሁን ማን፣ ቁጭ በልና ስማኝ። ጽሕፈቴ ያስቸግርሃል። ቻለው። እኔም ነገሩን ስንት ዓመት ችዬዋለሁ።

የቆሰቆሰችኝ የልጅ ልጄ አስቴር ናት። ሆሳዕና መምህርት ናት። ተምራ ጨረሰች፣ ተመረቀች፣ ተቀጠረች፤ አሁን ደግሞ የሙያ ፈቃድ የሚሉት መጣ። ፈተናውን አለፈች። ወረቀቱን ለመውሰድ አንድ ማህተም ቀራት። ለዚያች ማህተም ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መጀመሪያ «ኃላፊው የለም»፣ ቀጥሎ «ነገ ነይ»። በሦስተኛው ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወርውራ፣ «አባባ፣ ማህተሙ ሌላ ቢሮ ሄዷል ይሉኛል!» አለች።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የትም አልሄደም! እዚያው ሰውዬው ጋ ነው!»

«እንዴ አባባ፣ ሰውዬውን በምን አወቁት?» ብላ ሳቀች። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

በምን አወቅሁት? እኔ እኮ ነኝ ሰውዬው።

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበርኩ፤ ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ቀበሌያችን። ፊደል ሳልለይ ነው የተመረጥኩት። ድምፄ ትልቅ ነበር፣ እምቢ ካልኩም እምቢ ነኝ፤ ያን ጊዜ ለሹመት ይህ ይበቃል። ማህተሙን በቆዳ ከረጢት አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ከሸሚዜ በታች። ስተኛም አላወልቀውም። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም።

ትምህርት ቤታችን ታደለ የሚባል ወጣት መምህር ነበር፤ የሺንሺቾ ልጅ፣ ከምባታ። ዲጎማ ነው። ዲጎማ የሚባለው አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ የመምህርነት ሰርተፍኬት ሳይኖረው በጊዜያዊነት የሚያስተምር ነበር። ዛሬ አለ፣ ነገ ሰርተፍኬት ያለው ከመጣ ተሰናበተ። ጠዋት ልጆቻችንን፣ ከሰዓት በኋላ እኛን ጎልማሶቹን በመሠረተ ትምህርት ያስተምራል። ሲያስተምር አይጮህም። ይኸው ነው ጥፋቱ።

ዙሩ ሲያልቅ ፈተና አለ፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ መውደቅ የለብኝም። ማንበብ ደግሞ አልሆነልኝም። ምን አደረግሁ? ሴት ልጄን መጽሐፉን አስነበብኳትና እየሰማሁ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። በፈተናው ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መጽሐፉን ከዓይኔ ፊት ዘርግቼ እንደ ወንዝ አወረድኩት። ተጨበጨበልኝ። ታደለ መጣና፣ «እስቲ ከዚህ ጋ» ብሎ ሌላ ገጽ ገለጠ። እኔ ያቆምኩበትን ቀጠልኩ። ስለ ንብ እርባታ እያወራሁ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ግን የውሃ ጉድጓድ ሥዕል ነው።

አንዲት ባልቴት፣ «ሊቀመንበር፣ ንቦቹ ጉድጓድ ገቡብህ እንዴ?» አለች። አገር ሳቀ።

ታደለ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሸምድደውታል እንጂ አላነበቡትም። ለሚቀጥለው ዙር አብረን እንሠራለን» አለኝ። ይህ ስድብ ነው? አይደለም። እኔ ግን እንደ ስድብ ቋጠርኩት። የሳቀችውን ባልቴት ተውኩና ያልሳቀውን ልጅ ያዝኩ።

ሰኔ ላይ ታደለ መጣ። ክረምቱን ማሰልጠኛ ገብተው የሚማሩ ዲጎማዎች ሰርተፍኬት ያገኛሉ፣ ቋሚ የመንግሥት መምህር ይሆናሉ ተብሏል። ከቀበሌ የሚፈለገው «አስተምሯል፣ ጠባዩም መልካም ነው» የሚል ደብዳቤ ነው። ጸሐፊያችን ጽፎለታል፣ እኔም በአውራ ጣቴ ፈርሜለታለሁ። ማህተም ብቻ ቀርቷል።

«ማህተሙ አውራጃ ሄዷል» አልኩት። «ለቁጥጥር ወሰዱት።»

ማህተሙ ደረቴ ላይ ነበር። ስናገር ከትንፋሼ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ልጁ በእግሩ ሆሳዕና ሄደ፤ ማህተሙን ፍለጋ። በማግስቱ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ እዚያ የለም አሉኝ» አለ። «አንተን ማን ብለው ያሳዩሃል?» አልኩት። አመነኝ! በዚያ ዘመን የጠፋ ነገር ሁሉ «ቢሮ ነው» ከተባለ ሰው ያምናል። ቢሮ ደግሞ «የለም» ካለ፣ አለ ማለት ነው።

መመዝገቢያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሦስት ሽማግሌዎች ላከብኝ። እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ ሳር ለያዘ ሽማግሌ ጠላትህን እንኳ ትምራለህ፤ እምቢ ካልክም እምቢ ትላለህ እንጂ አትዋሽም። «አንድ ደብዳቤ አትምለትና እንጀራውን ይብላ» አሉኝ። እምቢ ብል እኮ ይሻል ነበር! ሰው ይከሰኛል፣ ይረግመኛል፣ ከአውራጃ መጥተው ያስገድዱኛል። እኔ ግን ሳሩን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ «በእጄ ቢኖር እከለክለው ነበር?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ሄዱ። እኔን! ለአንድ ሰው ስል በዚያ ወር ሌላውም ባለጉዳይ ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቀኑ አለፈ። ሌሎቹ ዲጎማዎች ሥልጠና ሄዱ፣ ታደለ ቀረ።

ባለቤቴ ብቻ አወቀች፤ ዛሬ በሕይወት የለችም። ሸሚዜን ልታጥብ ስትል ደረቱ ላይ የማህተም ቀለም አየች። ላብ አርሶት ከከረጢቱ ወጥቶ ኖሯል። ሸሚዙን ፊቴ ዘርግታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አውራጃ የሄደው ማህተም ደረትህ ላይ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«እጠቢው» አልኳት።

«አይለቅም» አለች። ሸሚዙን ዳግመኛ አላጠበችውም፤ እኔም ዳግመኛ አልለበስኩትም።

አሁን የሚያቃጥለኝን ስማ። ያ ልጅ በመስከረም ተመልሶ አስተማረኝ። ቃሉን ጠበቀ። ከክፍል በኋላ ግራር ሥር አስቀምጦኝ በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈ፣ አንድ በአንድ፣ ስሳሳት ሳይቆጣ፣ ማንበብ አስተማረኝ። እኔ ስንት ቀን ዓይኑን እያየሁ ልናገር እችል ነበር? አልተናገርኩም። በዙሩ መጨረሻ የፈለገውን ገጽ ገልጦ ሰጠኝ፣ አነበብኩ። በምስክር ወረቀቴ ላይ እሱ ፈረመ። ማህተሙን ማን መታ? እኔ! «ከአውራጃ ተመለሰ» ያልኩትን ከሸሚዜ ውስጥ አውጥቼ፣ በገዛ እጄ፣ ለራሴ። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ። ዘንድሮ ማህተሙ በጊዜው መጣ፤ ለእርስዎ ደረሰ» አለኝ።

ቀጣዩ ክረምት ሳይደርስ ሰርተፍኬት ያለው መምህር ተመደበልንና ታደለ ተሰናበተ።

ዛሬ ዶዮገና ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣል። ጠጉሩ ከእኔ እኩል ነጥቷል። ገበያተኛው «መምህር» እያለ ይጠራዋል፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለቀልድ። ከእሱ እገዛለሁ። ሁልጊዜ ምራቂ ይጨምርልኛል። አንድ ቀን የድሮውን አንስቶ፣ «ዕድል ነው ጋሼ፤ ማህተሙ ቢኖር እርስዎ አይከለክሉኝም ነበር» አለ። ድንቹን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ተቀቀለ፣ በላሁት። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው የተሰጠኝ?

«ዘመኑ ነው» የሚል ይኖራል። ሰው ሁሉ ጥፋቱን ደርግ ላይ ይጭናል፤ ሰለቸኝ! ደርግ ታደለን አያውቀውም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ከሸሚዜ በታች የነበረው ደርግ አይደለም። «አላወቅኩም፣ ያልተማርኩ ነበርኩ» እንዳልልም፣ ከተማርኩ በኋላ ዝም ያልኩት የበለጠ ነው። የአስቴርን ሰውዬ ልሰድበው እፈልጋለሁ፤ አፌን ስከፍት የራሴ ስም ይመጣል።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ማህተም የተከለከልከው አንተ አይደለህም። የምስክር ወረቀቴን ከግድግዳ አውርጄዋለሁ፤ በመጪው የገበያ ቀን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ይዤው ዶዮገና እወርዳለሁ። እርጥብ ሳር ይዤ፣ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ራሴ። ድንቹ ፊት ቆሜ ይህን ሁሉ አነብለታለሁ። በቃሌ አልያዝኩትም፤ ሆን ብዬ። ከፈለገ ገጹን ይገልብጥብኝ፣ ከፈለገበት ያስጀምረኝ። ማለፌንና መውደቄን እሱ ይንገረኝ።