አክስቴ ያልበላችው ማንጎ

አክስቴ ኢቫሊን የሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ ነበረች። ታዲያ አይሳቅባትም? በእኛ ጓሮ ማንጎው ረግፎ ፍየል ሲጠግብበት፣ እሷ ብላክ ሪቨር ከተማ ገበያ ወርዳ ማንጎ ገዝታ ትመጣለች!

አባታችን ሲሞት ቤቱንና መሬቱን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለኦርቪል ተናዞ፣ እኔ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ እህቱ ኢቫሊን በአደራ ትጠብቅላቸው ብሎ ነበር። ጠበቀች ማለት ብቻ አይገልጸውም። በጠዋት መጥታ ታበላናለች፣ ጣሪያው ሲያፈስ ታስጠግናለች፤ ሲመሽ ወደ ኪራይ ክፍሏ።

ዛፉ እኮ ደግሞ የራሷ ነው! እትብቷ የተቀበረው ከሥሩ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ መሬቱ የማንም ይሁን፣ እትብት ላይ የተተከለ ዛፍ የባለ እትብቱ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ የገዛ ዛፍሽን ብትበዪ ማን ይከስሻል?" ይሏታል ጎረቤቶች።

"ዛሬ ማንጎ፣ ነገ ፍየል፣ ከነገ ወዲያ ቤቱን! አደራ በላ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሂዱ ወደዚያ!"

ያ ግቢ፣ ያ ጩኸቷ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ሃያ አንድ ሲሞላኝ መሬቱን ለማካፈል ጠበቃ መጣ። አንዱ ድርሻ ቤቱ ያለበት የመንገድ ዳር ሜዳ፣ ሌላው ማንጎው የቆመበት ድንጋያማው ጓሮ። በአባታችን ኑዛዜ ቀድማ የምትመርጠው ታናሺቱ ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ኦርቪል ሜዳውን እንደምወስድ እርግጠኛ ነበር።

"ጓሮው ከደረሰኝማ ማንጎውን ቆርጬ ከሰል አደርገዋለሁ" አለ እየሳቀ።

ሁላችንም አክስቴን አየናት። "እትብቴ ነው" ብትል ኦርቪል እንኳ አይደፍርም ነበር። እሷ ግን አደራ ጠባቂ ሆና ተቀምጣ ስለ ራሷ ልትናገር? ሞቷን ትመርጣለች! ሻሿን አጥብቃ አስራ መሬት መሬት ታያለች። አንጀቴን በላችው።

"እኔ ጓሮውን ነው የምወስደው" አልኩ።

ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። "አበድሽ እንዴ? ድንጋይ ላይ ምን ልትዘሪ ነው? ቤቱን ውሰጂ እንጂ፣ አንቺ ሞኝ! አባትሽን ምን ልበለው? ቀድመሽ ብታማክሪኝ እኮ እከለክልሽ ነበር!" እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

"ስለዚህማ ነው ያላማከርኩሽ፣ አክስቴ" አልኳት።