የጥጃው ጉልበትና የአጎቴ ዓይን

እዚህ ሶዶ ጎረቤቴ የበግ ጭንቅላት በለበለበ ቁጥር፣ የተቃጠለው ፀጉር ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣና እኔን ሽማግሌውን ከነከዘራዬ አንስቶ ሁምቦ፣ አባቴ ጋጣ ውስጥ ይጥለኛል።

በበልግ ላማችን ስትወልድ፣ አባቴ የጥጃውን እትብት በሥጋ ቢላ ቆርጦ፣ ደሙ እንዲቆም እበት ይለጥፍበት ነበር። የዚያ ዓመቱ ጥጃ ግን ብዙ ሳይቆይ ጉልበቶቹ አብጠው እንደ ፍም ጋሉ፤ መቆም አቃተው። ጥጃው ከሞተ ላሚቱ ወተት ትከለክላለች፤ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቅቤ የለም ማለት ነው። አባቴ ማጭድ በእሳት አግሎ ጉልበቶቹን ይተኩስ ነበር። ጥጃው ሲያጓራ፣ ላሚቱ ገመዷን በጥሳ አባቴን በቀንዷ ግድግዳው ላይ ስትለጥፈው፣ እኔ ጀግናው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልዬ እንደ ቆጮ እቦካ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል አባቴ ጥጃውን ተሸክሞ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የጥጃውን ጉልበት ቢወጋው መግሉ በራሱ ፊት ላይ ፈነዳ።

«በእትብቱ ነው የገባው፣ ጋሼ። በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፤ ቢላውና እበቱ ናቸው ያመጡት» አለ።

የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ከዋጋና ከስድብ አልፎ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ቃል የያዘው «በዓይን» የሚለውን ብቻ ነው። ቤቱ ሳይገባ ከታናሽ ወንድሙ ከአጎቴ ከአንጁሎ ደጅ ደረሰ።

«ሐኪሙ ራሱ ዓይን ነው አለ!»

«የማን ዓይን?»

«ያንተ ነዋ! ሲወለድ ‹አቤት ሲያምር!› ያልከው አንተ አይደለህ?»

ይህን ብሎ በዱላ ክንዱን ሰበረው፤ አጎቴም በደህናው እጁ ድንጋይ አንስቶ የአባቴን የፊት ጥርሶች አረገፈ። ጥጃው ያንኑ ሰሞን ሞተ።

መስከረም ሲጠባ ሐኪሙ ለክትባት መንደራችን መጣ፤ አሁን አስተርጓሚ ይዟል። ስለ ጥጃው ሲነሳ ያንኑ ቃሉን ደገመው፤ «በዓይን የማይታይ ተባይ» የሚለው በወላይትኛ ሲነገረው አባቴ ድዱን ከፍቶ ቀረ። ከዚያም ያንኑ ዱላ ይዞ ሄደና ለአጎቴ ሰጠው፤ «በል፣ ምታኝ።» አጎቴ ዱላውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ጊፋታን ያለ ቅቤ አብረው በሉ። አጎቴ ግን እስኪሞት ድረስ፣ ጋጣ በገባ ቁጥር በጠማማ ክንዱ ዓይኑን ይከልል ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ የጥጃዋን እትብት አዮዲን ውስጥ ትነክራለች፤ ጥጃዋም ትፈነጫለች። ጉልበቱ ያበጠ እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግነቱ ማጭድ የሚያግልልኝ የለም። «አባባ፣ እያት እንዴት እንደምታምር!» ስትለኝ ግን፣ እጄ ቀድሞኝ ዓይኔን ይሸፍናል።