ቤታችንን የተሸከሙ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አትላንታ፣ ከጎናችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት በትከሻቸው ስለሚሸከሙ ሰዎች ያወጉኝ ነበር። ጋሽ ረሺድ እንላቸዋለን። አገራቸው ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ የምትባል ደሴት ነው፤ ወገናቸውም ቡጊስ የሚባል ሕዝብ። በወጣትነታቸው በጭነት መርከብ ሲዞሩ ኖረው ጆርጂያ ላይ ቀሩ። አባቴ የተዋወቃቸው ጁምዓ ሰግደው ከመስጊድ ሲወጡ ነበር። «ጋሽ»ን የጨመረላቸውም እሱ ነው፤ የወሎ ሰው ሽማግሌን በባዶ ስሙ ከሚጠራ ዝም ቢል ይመርጣል።

ግቢያችን ከብሩክሄቨን ወጣ ብሎ ያለ የትሬይለር ቤቶች ሰፈር ነበር። ትሬይለር ቤት ማለት ጎማው ከሥሩ ተደብቆ በብሎኬት ላይ የተቀመጠ ረዥም የቆርቆሮ ቤት ነው። ቤቱ የራሳችን ነበር፤ መሬቱን ግን የምንከራየው ከሌላ ሰው ነው። አባቴን ይህ አላስጨነቀውም። «አገር ቤትስ መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የኔ አልነበረም እንዴ?» ይል ነበር። ከጎኑ አንዲት ክፍል በጣውላ ቀጥሎ «ሰርቪስ ቤት» ብሎ ሰየማት፤ የምተኛው እኔ እዚያ ነበርኩ።

ምሽት ምሽት ጋሽ ረሺድ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ከሰል አቀጣጥለው ዓሣ ይጠብሱ ነበር። ያኔ የቤት ሥራዬን ጥዬ ከደረጃቸው ሥር እቀመጥና፣ ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ፣ የበራፋቸውን አምፖል የእሳት ራት እየከበበው፣ የዓሣው ስብ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ቱሽ ሲል እየሰማሁ፣ ያንኑ አንድ ታሪክ እንዲደግሙልኝ እለምናቸው ነበር። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው የተሰባበረ ቢሆንም ታሪኩ ሳይጎድል ይደርሰኛል።

በመንደራቸው ቤት የሚሠራው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ነው። ሩዙ ጣሪያው ሥር ቆጥ ላይ፣ ሰው መሐል፣ ዶሮና ማረሻ ከታች። ምሰሶዎቹ ድንጋይ ላይ ስለሚቆሙ ቤት ከቦታው ይነሳል። የጋሽ ረሺድ እናት ቤታቸውን የወረሱት ከራሳቸው እናት ነበር፤ የቆመበት መሬት ግን የባላቸው ወንድም ንብረት ነው። ባልየው በሞቱ ጊዜ ይህ ወንድም መጥቶ «መሬቴን እፈልገዋለሁ፣ ቤትሽን አንሺ» አላቸው። እናትየው አልተሟገቱም። ሽርጣቸውን አጥብቀው በየቤቱ እየዞሩ «ዓርብ ከስግደት በኋላ ቤቴን ተሸከሙልኝ» አሉ። በዚያ መንደር ሲለመን በር አይዘለልም፤ የተዘለለ ሰው እንደተሰደበ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የዚያን ያባረራቸውን ሰውዬ በርም አንኳኩ። ዓርብ ዕለት ወንዱ ሁሉ ወፋፍራም ቀርከሃ ከቤቱ ጋር አሥሮ፣ አንድ ሰው ከፊት እየጮኸለት፣ ቤቱን ከነጣሪያው አንሥቶ በሩዝ ማሳው ዳር ወሰደው። አጎትየውም ትከሻውን አስገብቶ ነበር። በኋላ እናትየው ለተሸካሚው ሁሉ ምግብ ሲያቀርቡ ለእሱም አቀረቡለት።

እዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እናደድ ነበር። «ለምን አበሉት? ያባረራቸው እኮ እሱ ነው!»

ጋሽ ረሺድ ዓሣውን ያገላብጡና «ተሸክሟል። የተሸከመ ይበላል» ይሉኛል።

አራተኛ ክፍል ስገባ የግቢው መሬት ተሸጠ። ኮንዶ ሊሠራበት ነው ተባለ። «ውጡ» የሚለውን ማስታወቂያ በየበሩ የለጠፈው ከርቲስ ነበር፤ የግቢው ማናጀር፣ እዚያው መሐላችን የሚኖር፣ ሰላምታ የሚሰስት ረዥም ሰው። ጠላሁት።

የጋሽ ረሺድ ቤት ትንሽ ስለነበረች ቀድማ ተጎትታ ኖርክሮስ ወደምትባል ከተማ ሄደች። አባቴም እዚያው ቦታ አገኘ፤ ቤት የሚጎትት ባለ ትራክም ቀጠረ። ሰውየው መጥቶ ዙሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰርቪስ ቤቷ፣ በረንዳው፣ ከሥር ዙሪያውን የተመታው ቆርቆሮ ካልተነቀለ ቤቱ መንገድ ላይ ለሁለት ይሰበራል አለ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ተነቅሎ ካልጠበቀው ሰውየው ሌላ ቀን የለውም። ከቅዳሜ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ዶዘር ነው።

አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሥራ መጥቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መዶሻ ያነሳል፤ ሲጨልም ያስቀምጣል። በየቀኑ የሚነቀለው ከሚቀረው ጋር አይወዳደርም።

«ሰይድ፣ ሰው ንገር» አለችው እናቴ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«እዚህ አገር ሰው ሺፍቱን ጥሎ ለሰው ቆርቆሮ ሊነቅል አይመጣም።»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አባቴ «ጅጊ የሚጠራ ሰው እኮ መጀመሪያ የሰው ጅጊ የሄደ ነው» አላት፤ ጅጊ በወሎ ደቦ ማለት ነው። «እኔ እዚህ ግቢ የማንን ሥራ አግዤ አውቃለሁ? በምን ዓይኔ ነው ሰዉን የማየው?»

እናቴ ድስቶቹን በጋዜጣ ትጠቀልል ጀመር፤ ስትጠቀልል ግን ታለቅስ ነበር። ቤቱ ከፈረሰ የምንገባበት እንደሌለን የገባኝ ያኔ ነው፤ ፈራሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ባስ እንደወረድኩ በግቢው መጨረሻ ካለው ቤት ጀመርኩ። «ቅዳሜ ጧት ቤታችንን ተሸከሙልን» እላለሁ። ጣሪያ ሠሪዎቹ ሜክሲኮዎች ሳቁ። ቬትናማዊቷ ሴትዮ ሁለቴ አስደገመችኝና ባሏን ጠራችው። የከርቲስ በር ላይ ስደርስ ልዘለው አሰብኩ፤ ግን በር አይዘለልም። ከፍቶ ቁልቁል አየኝ።

«ወዴት ነው የምንሸከመው?» አለ።

«ወደ ኖርክሮስ።»

በሩን ዘጋው።

ቅዳሜ ጧት አባቴ መሰላል ላይ ነበር። ሰርቪስ ቤቷ ገና ግማሿ እንኳ አልተነካም። ጋሽ ረሺድ የብረት ዘንግ ይዘው ከኖርክሮስ መጡና ግራ ቀኙን አይተው «ሌሎቹስ?» አሉ።

«የቶቹ ሌሎች?» አለ አባቴ።

ተናዘዝኩ። አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ከመሰላሉ ወረደ።

«ሀያት፣ ለማን ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለሁሉም።»

አልመታኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «ገመናዬን በየበሩ አዞርሽው» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማንም አለመምጣቱ ነው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ጣሪያው መጋል ጀመረ፣ አባቴ ወደ መሰላሉ ተመለሰ፤ የተለመነና እንቢ ያለ ሰፈር መሐል እንደተቀመጥን ተሰማኝ። ቤቱንም ክብሩንም ያጠፋሁበት እኔ ነኝ እያልኩ መሬት መሬቱን አያለሁ።

በመጨረሻ አንድ ፒክአፕ ወደ ኋላ እየነዳ ወደ እኛ ተጠጋ። ጣሪያ ሠሪዎቹ መሰላልና መጋዝ አወረዱ። ቬትናማዊው ጓንቱን እያጠለቀ መጣ። ሥራ ሊገቡ ስለነበር መጀመሪያ አለቆቻቸውን ማስፈቀድ ነበረባቸው ለካ። አባቴ የሚለው ጠፍቶት «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» ብቻ ይላል። መጋዙ ጮኸ፤ ቆርቆሮው ተገነጠለ፤ እኔ ሚስማር ለቀምኩ።

ከርቲስ የመጣው የሰርቪስ ቤቷ ግድግዳ ከቤቱ ሊላቀቅ ሲል ነበር። መጋዙ ቆመ። አባቴ አንዱን ጥግ እንደደገፈ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» አለው። ድምፁን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

«ልጅህ በሬን አንኳኳች» አለ ከርቲስ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። በዚህ መሐል ግድግዳው ከላይ ተላቀቀና ማንም ወዳልደገፈው ጥግ፣ ወደ ቤታችን መስኮት ማዘንበል ጀመረ። እናቴ ከውስጥ ነበረች።

«ያዘው! ያዘው እንጂ!» ብሎ አባቴ በአማርኛ ጮኸ።

ከርቲስ ተወርውሮ በትከሻው ተቀበለው። ጋሽ ረሺድ በማናውቀው ቋንቋቸው እየጮኹ፣ ሁሉም እግሩን እያስተካከለ፣ ግድግዳውን ቀስ አድርገው አስተኙት። የከርቲስ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተቀዶ ደም አርሶት ነበር።

ትራኩ ሲጎትት ቤቱ አቃሰተ። እናቴ ዓይኗን ሸፈነች። አንድ መስኮት ተሰነጠቀ እንጂ ቤቱ የግቢውን በር አልፎ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። ያኔ እናቴ የመኪናችን ኮፈን ላይ ሩዝና ሥጋ አቀረበች፤ የከርቲስን ሳህን ያነሳው ግን አባቴ ራሱ ነበር። ሰጥቶት «ያንተስ ቤት መቼ ነው ሙቭ የሚደረገው?» አለው።

«የኔ አይደለም፤ የካምፓኒው ነው። ዶዘሩ ይወስደዋል» አለ ከርቲስ። «እኔ ያለኝ አንድ አልጋ ነው።»

ያ ሰው መሬትም ቤትም እንደሌለው ያኔ አወቅን። አባቴ የራሱን ስልክ ቁጥር ጻፈለት።

ከሥራ ሺፍቱ ቀርቶ የማያውቀው አባቴ፣ ከርቲስ «ልወጣ ነው» ብሎ የደወለ ቀን ቀረ። ጣሪያ ሠሪዎቹን፣ ቬትናማዊውን፣ ጋሽ ረሺድን ሁሉ ደውሎ ጠራ፤ እናቴ ድስቷን ይዛ መጣች። ከርቲስ በሩን ሲከፍት የዚያን ሁሉ ሰው ብዛት አይቶ አፈረ። «የሚሸከሙት ነገር እኮ የለም» አለ።

«አልጋው አለ አይደል?» አለ አባቴ።

አንዲት ጠባብ የነጠላ አልጋ ነበረች። የሰው ክምር ዙሪያዋን ቆሞ፣ በር ላይ እርስ በርሱ እየተረጋገጠ፣ ጋሽ ረሺድ ከፊት እየጮኹ፣ አልጋዋን እንደ ቤት አንሥተው አወጧት። ከርቲስ ሊይዝ ቢመጣ አባቴ በክርኑ ገፋው። ስለዚህ ባዶ እጁን ከኋላ ተከተለ፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሲያለቅስ ግን አይቼዋለሁ።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ መሬቱም በስሜ ነው። ሰው ስለ ንብረት ሲያወራ ግን የሚታየኝ ያ አልጋ ነው። ልይዘው ስዞር ስዞር ክፍት ቦታ አጥቼ ቀረሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።