ኩላሊቴ ያስቀረኝ አገር

ከመካነ ሰላም የወጣነው በገበያ ቀን፣ ገበያተኛ መስለን ነው። የልጄ የመስፍን ስም ለውትድርና ወጥቶ ነበር፤ ብቻውን አልሰደውም ብዬ አብሬው ተነሣሁ። ባለቤቴ ዘውዲቱ እስከ ደጅ ሸኘችንና የቀበሌው ጥበቃ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «መሪጌታ፣ ጋዝ መግዛቱን እንዳይረሱ!» አለችኝ። ዓባይን ተሻግረን፣ በጎጃም አድርገን፣ በመተማ ሱዳን ገባን። ከሱዳን ጀርመን አገር ተቀበለን።

ኩላሊቴ መታመሙን ያወቁልኝ እዚህ ነው። አገር ቤት ቁርጥማት ነው እየተባለ የኖረው የእግሬ እብጠት ከእሱ ኖሯል። ቆይቶ ደግሞ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር። የዓባይን በረሃ በእግሬ የወጣሁት ሰውዬ የቤታችን ደረጃ አቃተኝ። ሐኪሙ ልቤን የሚመግቡት የደም ሥሮች ተዘግተዋል አለ። ከእግሬ የደም ሥር ወስደው፣ በተዘጋው ጎን ለደሙ ሌላ መንገድ ሊያበጁለት ነው። መስፍን እየተረጎመልኝ ሳለ መሐል ላይ መተርጎሙን ትቶ ሐኪሙን ብቻ ይሰማ ጀመር።

«ምን አለ?» አልኩት።

«አብሽሩ አባባ፣ ኩላሊትዎ ትንሽ ደክሟል ነው የሚለው።»

«ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል ያወራው?»

አቀረቀረ። «ካልሠሩት ልብዎ ሊቆም ይችላል፤ ከሠሩት ደግሞ ኩላሊትዎ።»

«ይሥሩት» አልኩ።

ሠሩት። አጠገቤ የተኛው በእኔ ዕድሜ ያለ ጀርመናዊ በዚያው ሰሞን ያንኑ ቀዶ ጥገና አድርጎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ኮሪደሩ ላይ ይንሸራሸር ጀመር፤ ከዚያም ጨብጦኝ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ልቤ ደኅና ይመታል፣ ሽንቴ ግን ቆመ። ሰውነቴ አበጠ፤ ውኃው ሳንባዬ ገብቶ ትንፋሽ አሳጠረኝ፤ የደረቴ ቁስል አልገጥም አለ። ዲያሊሲስ ከሚሉት መኪና ጋር አገናኙኝ፤ ደሜን አውጥቶ፣ አጥቦ ይመልሳል።

የምጠጣው ውኃ በትንሽ ብርጭቆ ተመጠነ። ምግቡ ጨው አልነካውም፤ ድንቹን እንኳ ለኩላሊት የሚከብደው እንዲወጣለት ቀቅለው፣ ውኃውን ደፍተው፣ እንደገና ይቀቅሉታል። ነርሷ፣ «መቼም እናንተ ጾም ታውቃላችሁ» ብላ አጽናናችኝ።

«የእኛ ጾም ይፈሰካል» አልኳት። መስፍን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም፣ ሣቀች።

በኋላ ኩላሊቴ ጥቂት ነቃ፤ ከመኪናው ለመላቀቅ ግን አልበቃም። ከሆስፒታል ወጥቼ ወደ ውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ስሄድ ጸሐፊው፣ «ጤነኛ ነዎት በሽተኛ?» አለኝ።

«ልቤ ድኗል፣ ኩላሊቴ ታሟል።»

«ቅጹ ላይ የሚሞላው አንዱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ግማሽ ሰው ብለው ይመዝግቡኝ።»

«ግማሽ የሚባል የለንም» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ባለፈው ሰሞን የመካነ ሰላም ስልክ ተገኘልኝ። ስለ ልቤ በደብዳቤ የሰማችው ዘውዲቱ ቀጠሮ ተይዞላት ስልክ ቤት መጥታ ነበር።

«ልብዎ እንዴት ነው፣ መሪጌታ?»

«ልቤስ ደኅና ነው፣ ዘውዴ።»

«ተመስገን! እንግዲህ አገር ሰላም ሲሆን ይመጣሉ።»

ስለ መኪናው ነገርኳት። ሳምንት ሳይሞላ እየተመላለስኩ ደሜን ካላሳጠብኩ እንደምሞትም ነገርኳት። «ደሴ የለም?» አለች።

«የለም።»

«አዲስ አበባስ?»

«አለ ሲባል አልሰማሁም።»

ደሴ ላይ መስመሩን የምታገናኘው የስልክ ሠራተኛ መሐላችን ገባች። «ጨረሳችሁ?»

«አልጨረስንም» አለች ዘውዲቱ። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ትንፋሿን አዳመጥኩ።