ካፒቴኑ ገመዱን የቆረጠ ዕለት

ካፒቴኑ ገመዱን ባይቆርጠው ኖሮ ወንድሙ ይተርፍ ነበር ወይስ ሁሉም አብረው ያልቁ ነበር? ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ ያሰብኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ይኸው የሁለት ልጆች እናት ሆኜም መልስ የለኝም።

ልጅ ሳለሁ ሜልቦርን፣ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እናቴ ራቅ ብሎ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ትሠራ ስለነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት መጥተን እሷ እስክትመለስ ጎረቤታችን ጋሼ ወርቅነህ ቤት እንቆይ ነበር። ጋሼ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ድሮ ምፅዋ ላይ የባህር ኃይል መርከበኛ ሆነው አገልግለዋል። ያኔ ብርዱ ሲጠና ቶሎ ይመሽ ነበር፣ እሳቸውም አምፖሉን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን ብቻ ያበሯታል። ሽቦዎቿ እንደ ፍም እየቀሉ ሲሄዱ፣ ላይዋ ያለው አቧራ ሲቃጠል ደግሞ ትንሽ ጭስ ጭስ ሲል፣ የጋሼ ፊት ግማሹ ቀይ ግማሹ ጨለማ ይሆናል። ተረቱ የሚጀመረው ያኔ ነው።

የእሳቸው ተረት የጅብና የቀበሮ አልነበረም። የመርከብ ጦርነት ነው። መርከብ ሞተር ሳይኖረው፣ በሸራና በነፋስ ብቻ በሚሄድበት ዘመን የሆነ፣ የባህር ኃይል ትምህርት ቤት ሳሉ አስተማሪያቸው የነገራቸው። የማን አገር መርከቦች ናቸው ስንላቸው «የሁለት ነገሥታት» ብለው ያልፉታል።

መጀመሪያ በሩ ጋ ያወለቅነውን ጫማ ሁሉ አምጡ ይሉናል። የእሳቸው ጥቁር ጫማዎች የጠላት መርከቦች ናቸው፣ የእኛ የትምህርት ቤት ጫማዎች ደግሞ የእኛ። ምንጣፉ ላይ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይደረድሯቸዋል።

«ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው?»

«ከመስኮቱ!» እንላለን።

«እንግዲያው ነፋሱ ለማን ሆነ?»

«ለእኛ!»

«አይ የእናንተ ነገር! ነፋስ ዘመድ ያለው መሰላችሁ? ቆዩ፣ ይዞራል።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ መርከብ ይሸታል» ይላቸዋል ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ።

«ዝም በል አንተ! ባሩድ ነው የሸተተህ!»

ከዚያ ድምፃቸው ይቀየራል። መርከቦቹ ጎን ለጎን እየተጠጉ መድፍ ሲተኳኮሱ፣ ሸራው ሲቀደድ፣ ምሰሶው ተሰብሮ ሰው ላይ ሲወድቅ፣ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሳ ወዳጅና ጠላት መለየት ሲያቅት፣ እኔ እውነት የባህር ውሃ እግሬን የነካኝ ይመስለኝ ነበር። አንዷ የጠላት መርከብ በእሳት ተያያዘች። ሰዎቿ ወደ ባህር ዘለሉ። የእኛው ካፒቴን ግን አላስችል ብሎት፣ ሰው ነው፣ ጠላትም ቢሆን ሰው ነው አለና ጀልባ አወረደ፤ ባህር ላይ የወደቁትን እንዲለቅም የገዛ ታናሽ ወንድሙን ላከው። ጀልባዋ እንዳትጠፋ በረጅም ገመድ ከመርከቡ ጋር ታስራለች። ጋሼ የወንድሜን ጫማ ከእኔ ጫማ ጋር በክር ያስሩታል።

ታዲያ ነፋሱ ዞረ። የምትቃጠለው መርከብ ወደ እኛዋ መምጣት ጀመረች። ሆዷ ሙሉ ባሩድ ነው፣ ከነካችን አለቀልን። ሸራ ዘርግቶ መሸሽ ነው ያለው፣ ጀልባዋ ደግሞ ከኋላ ይዛ አላስኬድ አለች። መርከቡ ላይ ሦስት መቶ ሰው አለ። ካፒቴኑ መጥረቢያ አነሳና ገመዱን ቆረጠ። ጋሼ እንዲህ እያሉ ክሩን ቀስ አድርገው በጣታቸው ይፈቱታል።

«ከዚያስ?» እንላቸዋለን።

«ከዚያማ ጭስ ነው። ጭስ ውስጥ ምን ይታያል?»

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የሚያቆሙት።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ አንድ ማታ ደሜ ፈላና «ፈሪ ነው!» አልኩ። «ወንድሙን ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ብሆን አልቆርጥም ነበር!»

ጋሼ «ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ። ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዱን አገናኝተው በሩ ጋ መለሱ፣ አምፖሉን አበሩ። ከዚያ ወዲህ ያን ተረት አልነገሩንም። ስንለምናቸው «ረሳሁት» ይሉናል።

ያረፉት እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ለቅሶው ላይ አብረዋቸው መርከበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት ለእናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። «የምፅዋን ወደብ ለቀን ስንወጣ መርከቡ የታሰረበትን ገመድ የፈታው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ እየጮኸ ከኋላችን ይሮጥ ነበር። መርከቡ በሰው ሞልቷል፣ ጥይቱ ይዘንባል፣ ፍታ ተብሎ ታዟል፣ ምን ያድርግ?» አሉ። እኔ ፈሪ ያልኩት ማንን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አልችልም፣ ቀብረናቸዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲተርኩልን አንድ ሰው ፈሪ እንዲላቸው ይሁን፣ ወይስ አንድ ልጅ «ምን ያድርግ» እንዲልላቸው፣ አላውቅም።

ይሄን የምጽፈው ግን ለትዝታ ብቻ ብዬ አይደለም።

አሁን የምኖረው ኖርዝ ሜልቦርን ነው፣ እኔም ፎቅ ላይ። የእሳት ደወሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚጮህ «ዳቦ ያረረበት አለ» እያልን እናልፈው ነበር። ባለፈው ወር ሲጮህ ግን በሩን ብከፍት ኮሪደሩ በጭስ ታፍኗል። ሊፍቱ ቆሟል። ሕፃኗን ታቀፍኩ፣ የስድስት ዓመቱን ኢዮብን በእጄ ያዝኩና በደረጃው ወረድን። ሰዉ ከላይ እየገፋ ይመጣል። ሕፃኗ ከክንዴ ስትንሸራተትብኝ በሁለት እጄ ልይዛት የኢዮብን እጅ ለቀቅኩ። «ቀሚሴን ያዝ!» አልኩት። ውጭ ሣሩ ላይ ደርሼ ብዞር ኢዮብ የለም።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቆሞ ነው የተገኘው። አንዲት ጎረቤት ይዛው ወረደች። እሳት የተባለው ምድጃ ላይ የተረሳ ድስት ነበር፣ ማንም አልተጎዳም።

ኢዮብ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ስንሻገር እጁን አይሰጠኝም፣ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ትራሙ፣ የመንገዱ ባቡር፣ ሲመጣ ነፍሴ ትወጣለች። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ «ለምን ለቀቅሽኝ?» አለኝ።

«እህትህ ልትወድቅብኝ ስለነበር ነው የኔ ጌታ» አልኩት።

«እኔስ?» አለኝ።



እናቴን ሳማክራት «ልጅ እኮ ይቅርታ አይጠየቅም፣ ይንቅሻል። ዝም በይው፣ ይረሳዋል» አለችኝ። እሷም እኛን ይቅርታ ጠይቃን አታውቅም፣ የእሷም እናት እንደዚያው። እኔ ግን በልጅነቴ ያየሁትን አንድም አልረሳሁም፣ ኢዮብ እንዴት ይረሳል? የጋሼን ተረት ልንገረው እልና ደግሞ እፈራለሁ፤ «ፈሪ ነው» ቢለኝስ? ወይም «እናቴ ነገም ትለቀኛለች» ብሎ ቢያስብስ?

ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ ልበለው ወይስ እናቴ እንዳለችው ዝም ልበል? ይቅርታ ካልኩትስ በኋላ፣ «ደግመሽ አትለቂኝም?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሳልዋሽ ምን ልበለው?