ጨርቁ ያስቀረው አቧራ

ሕመሙ የጀመረው በትንፋሽ ማጠር ነው። ልጄ ሰይድ ራት ላይ ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ ቆመ። ጨዋታው የጠፋው መስሎኝ ጠበቅሁት። ከዚያ ደረቅ ሳል ተከተለ።

ጊዜው ጣሊያን መንገድ ሊያሳልፍ ጣርማ በር ላይ ተራራውን የሚያስቦረቡርበት ነበር። ሰይድ ድንጋይ ከሚበሱት ጋር ዋሻ ውስጥ ሲሠራ አንድ ዓመት አልፎታል። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ይጠይቀናል። ወባ ነው እንዳንል ትኩሳት የለውም። የቆላው ሙቀት ነው፣ የደጋው አየር ይሻለዋል ብዬ እኔው መለስኩት።

ሥራ ላይ ከአቧራው የተነሣ አጠገቡ ያለውን ሰው እንደማያይ ሲነግረኝ ግን ሰጋሁ። ነጠላዬን ቀድጄ፣ ሦስት እጥፍ አድርጌ፣ አፍና አፍንጫውን እንዲያስርበት ሰጠሁት። ሲወርድ ጨርቁን ጣሳ ውስጥ አጥቤ ውሃው እስኪጠል አቆየዋለሁ። ከታች የረጋውን አቧራ ስንጥር አስገብቼ እለካለሁ።

«እማ፣ ገንፎ ልታገነፊልኝ ነው?» ይለኝና ይስቃል።

አቧራው ከፍ ባለ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይገባበት ቀረ እላለሁ። ወደ አፉ የሚዞረው የጨርቁ ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ጎረቤቴ ዘሃራም እዚያው ዋሻ ውስጥ የሚሠራውን የባሏን የአሊን ጨርቅ እያመጣች ታሳየኝ ጀመር። ውስጡ ነጭ ከሆነ አትስጊ አልኳት።

ከዚያ ሰይድ ከሳ። ጎኑን ወጋው። ደም ተፋ።

በበቅሎ ጭነን ወደ ሠራተኞቹ ሕክምና ወሰድነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ደረቱንና ጀርባውን አዳመጠ። ጨርቁንና ስንጥሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። ስንጥሩን አንሥቶ አየው።

«ይህ ጨርቁ ያስቀረው ነው» አለ በአስተርጓሚው። «የጎዳው ያለፈው ነው። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን አቧራ ዓይን አያየውም። ሕመሙ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ሳንባው ጠባሳ ሆኗል።»

«ይድናል?»

«ጠባሳውን የሚያነሣ መድኃኒት የለም። ተጨማሪ እንዳይገባበት ከዋሻው ይውጣ።»

በተመለስን ቀን ዘሃራ ቤት ሄድኩ። «አሊን አውርጂው» አልኳት።

«ኧረ! ነጭ ከሆነ አትስጊ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ለሳምንት ኮረፈችኝ። ከዚያ አወረደችው። አሊ ዛሬ ያርሳል፣ ግን አንድ ትልም ሳይጨርስ ቆሞ ይተነፍሳል።

ሰይድም የፍየል ወተትና መረቅ እየጠጣ ለጥቂት ሳምንታት ቀና አለ፤ ማሽላው ዳር ዳስ ሠርተንለት፣ ትራስ ተደግፎ፣ መጮህ ባይችልም ወንጭፍ እያጮኸ ወፍ ይጠብቅልን ነበር፤ እኔም ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ መመኘት ጀመርኩ።

ማሽላው ሳይታጨድ ሞተ። ተቀምጦ ነው የሞተው። መተኛት አልቻለም ነበር።

አላህ በቅሎዋን ለሰጡን ይክፈላቸው። የሐኪሙን ቃል ሳያለሳልስ ለነገረኝ አስተርጓሚም። እሱ ባይኖር አሊንም አላስወርደውም ነበር።

ድንጋይ የሚበሳ፣ የሚፈልጥ፣ የሚፈጭ ሰው ያላችሁ ስሙኝ። ድንጋዩ ሳይበሳም ሲበሳም ውሃ ይፈስበት። ጨርቅ ከምንም ይሻላል፤ ግን መለኪያ አታድርጉት። ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ሥራውን ያቁም፣ ሐኪም ይየው። ጨርቁ ነጭ ነው ብላችሁ ወደ ሥራው አትመልሱት። እኔ ሰባት ጊዜ መልሼዋለሁ።