እማማን ይዘን ሃቫና

ያኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ነበር። ሥራዬ እዚያው ከተማ ሚድ ዊልሻየር፣ ሊፍት ያለው አፓርታማ ውስጥ የምትኖር አንዲት ኩባዊት አሮጊት መንከባከብ ነው። የተቀጠርኩት ስፓኒሽ ስለምችል ነበር፤ በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ ኩባ ተልከው ከተማሩት አንዱ ነኝ። «እማማ» እላቸዋለሁ። የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ቢሄድም፣ ሃቫና መሃል ከተማ ያደጉበትን ቤት ማውራት አይሰለቻቸውም።

ለአሜሪካውያን ወደ ኩባ መሄድ ቀለል ባለበት ሰሞን፣ መኪናዬን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ምሳ ስበላ ልጃቸው ደወለ።

«ሳትሞት ቤቷን ላሳያት ነው። አብረኸን ትሄዳለህ፤ ብቻዬን አልችላትም።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ሶ ቫኬሽን ነው ወይስ ሥራ?»

«ሥራ ነው» አልኳት።

ሃቫና ስንደርስ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋቸው ፕራዶ የሚባለውን ጎዳና ይዘን ወረድን። የጎዳናው የነሐስ አንበሶች ተማሪ ሳለሁ እንዳየኋቸው ናቸው፤ የድሮው ምክር ቤት፣ የካፒቶሊዮ ጉልላት ግን ለእድሳት በብረት ተከቧል። የአሮጌው ሰፈር የድንጋይ ንጣፍ ጎማውን እያንገጫገጨ እጄን አደነዘዘው። ካቴድራሉ ጋ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ነው ያገባሽው» አላቸው። እሳቸው ሁለቱን የደወል ማማዎች ተመለከቱ። አንዱ ከሌላው ይቀጥናል።

«ሠሪው ደክሞት ነው» አሉ።

ቤቱ ጋሊያኖ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለነበር አዝዬ አወጣኋቸው። አሁን የምትኖርበት ሴት በሩን ከፍታ ወንበር አቀረበች፤ የጉዋቫ ጭማቂ ቀዳችልን። እማማ ሰገነቱን፣ ባለ አበባውን የወለል ንጣፍ አዩ።

«ታስታውሺዋለሽ?» አለ ልጃቸው።

«ቆንጆ ቤት ነው» አሉ፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በል አሁን ወደ ቤት ውሰደኝ።»

«የትኛው ቤት እማማ?»

«ሊፍት ያለው።»

ልጃቸው ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ወገቤ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ሴትየዋ ድምፅ ሳታሰማ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ «እንሂድ» ብቻ አለ። አሁንም አዝዬ አወረድኳቸው። ደረጃው መሃል ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ልጃቸው «ዛሬ እኔ አብሬያት እሆናለሁ፤ አንተ ከተማውን ተዟዟርበት» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ማሌኮን የሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና ደርሼ ግንቡ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆቴል ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።